ጭልፊትን በጫካ ውስጥ ለማየት፦ የ8 በ42 ባይናኩላር ግምገማ ከመናገሻ ሱባ ደን

ባይናኩላር የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ምን ያህል እንደሚያቀርብ ነው፤ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ትልቅ ቁጥር ያለበትን መሣሪያ ከፊት ያስቀምጣል። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ግን 8 ጊዜ ብቻ የሚያቀርብና የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ባይናኩላር ሲሆን፣ የተፈተነውም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ በሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በትናንሾቹ የጫካ ጭልፊቶች ላይ ነው። ፍርዴን ሳላዘገይ ላስቀምጠው፦ ለዚህ ሥራ 8 በ42 ከ10 በ42 ይሻላል፤ ምክንያቱንም የሚሰጠን የወፉ አኗኗር ነው።

የምርቱን የንግድ ስም የማልጠቅሰው ይህ በቻይና የሚመረት አካል በሌላ ጎማና በሌላ ስም ተሸፍኖ ከአንድ በላይ በሆኑ ሻጮች ስለሚቀርብ፣ ስሙን መያዝ ለገዢው ብዙም ስለማይጠቅመው ነው። የሚጠቅመው የመሣሪያውን ልክ ማወቅ ነው። ክብደቱ 650 ግራም ገደማ ነው። የእይታ ስፋቱ 7.5 ዲግሪ ሲሆን፣ ይህም በ1,000 ሜትር ርቀት 131 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ቦታ በአንድ ጊዜ ያሳያል። ከ2 ሜትር ጀምሮ ያለን ነገር አጥርቶ ያሳያል፤ መነጽር የሚያደርግ ሰውም መነጽሩን ሳያወልቅ ሙሉውን ምስል ማየት ይችላል። ውስጡ በናይትሮጅን የተሞላና ውኃ የማያስገባ በመሆኑ ከቀዝቃዛው ደን ወጥቶ ሞቃት መኪና ውስጥ ሲገባ በውስጥ በኩል ጉም አይይዝም። ዋጋው ስመ ጥር ከሆኑት የአውሮፓ ባይናኩላሮች አንድ አሥረኛ ገደማ ነው።

በአገራችን ጫጩት የሚነጥቀው ወፍ ሁሉ ጭልፊት ሊባል ስለሚችል፣ እዚህ የማወራው ስለየትኞቹ እንደሆነ መለየት ይገባኛል። ከከተማ በላይ እየዞረ ቄራና ቆሻሻ መጣያ የሚጎበኘውን ባለ ሹካ ጭራ ወፍ ማለቴ አይደለም። የማወራው ክንፋቸው አጭርና ክብ፣ ጭራቸው ረጅም፣ እግራቸው ቀጭንና ቢጫ ስለሆኑት፣ በዛፎች መካከል እየተሹለከለኩ ትናንሽ ወፎችን ስለሚይዙት አዳኞች ነው። በደጋው ደን ውስጥ ከእነዚህ መካከል ዋነኛው በሳይንስ ስሙ አክሲፒተር ሩፊቬንትሪስ የሚባለው፣ ደረቱና ጉንጩ ወጥ ቀይ ቡናማ፣ ጀርባው ጥቁር ግራጫ የሆነው ጭልፊት ነው። ርዝመቱ ከ33 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የዚህም ጉልህ ክፍል ጭራ ነው፤ ክብደቱ ደግሞ 200 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ ተራሮች እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በተቆራረጡ የደጋ ደኖች ይኖራል። ደኑ ከሣር ሜዳ ወይም ከውርጭ ምድር ጋር የሚዋሰንበትን ዳርቻ ይወዳል፤ በሰው እጅ በተተከለ የባሕር ዛፍና የጥድ ደንም ውስጥ ጎጆ ይሠራል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ይህ ወፍ ከፍ ብሎ እየዞረ ምግብ የሚፈልግ አይደለም። ቅጠል በጋረደው ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አንገቱን ብቻ እያዞረ ይጠብቃል፤ ከዚያም ድንገት ይወነጨፋል፣ ወይም ዝቅ ብሎ የዛፉን ግንድና ቁጥቋጦውን መከለያ እያደረገ ይበርና ያደፈጠባቸው ወፎች ሳያዩት ከመካከላቸው ይደርሳል። አጭሩ ክንፍ ቅርንጫፍ ሳይነካ ለማለፍ፣ ረጅሙ ጭራ በድንገት ለመታጠፍና ለመቆም ያገለግሉታል። ረጅሙ እግርና በተለይም ረጅሙ የመካከል ጣት ደግሞ በቅጠል ውስጥ ሊሰወር የሚሞክረውን ወፍ ዘርግቶ ለመያዝ ይረዱታል። ጥቃቱ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ ቢከሽፍም ቢሳካም ግን ሁሉም ነገር በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ያልቃል።

ተመልካቹ በደን ውስጥ ከወፉ የሚርቀው ብዙ ጊዜ 20 ሜትር ወይም 30 ሜትር ነው። በ20 ሜትር ርቀት የዚህ ባይናኩላር የእይታ ስፋት 2.6 ሜትር ያህል ሲሆን፣ 6 ዲግሪ የእይታ ስፋት ያለው የተለመደ 10 በ42 ግን 2.1 ሜትር ብቻ ያሳያል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን የምናየው ክብ ቦታ ስለሆነ፣ በ8 በ42 የሚታየው ስፋት በ10 በ42 ከሚታየው ከግማሽ በላይ ይበልጣል። እዚህ ላይ የሻጮችን ማስታወቂያ መከተል አልፈልግም፦ ሰፊ እይታ ስላለው በበረራ ላይ ያለን ጭልፊት በጫካ ውስጥ ይከተላል ማለት እውነት አይደለም። ወፉ በሰኮንድ 10 ሜትር ብቻ ቢበር እንኳ ያን 2.6 ሜትር የሚያቋርጠው በሩብ ሰኮንድ ነው፤ ይህን የሚከተል እጅ የለም። የሰፊው እይታ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። ልምድ ያለው ተመልካች በረራውን በባዶ ዓይኑ ይከታተልና ወፉ ያረፈበትን ዛፍ ሳይለቅ ባይናኩላሩን ወደ ዓይኑ ያነሳል። በዚህ ጊዜ አነጣጠሩ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ከአንድ ሜትር ትንሽ አልፎ ቢሳሳት 8 በ42 ወፉን አሁንም በክቡ ውስጥ ያቆየዋል፤ 10 በ42 ግን ቅጠል ብቻ ያሳየውና ፍለጋው እንደገና ይጀመራል። ጭልፊቱ ባረፈበት ቅርንጫፍ ላይ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ስለማይረዝም፣ ይህች ዕድል ወፉን ለይቶ በማየትና ሳያዩት በመቅረት መካከል ያለችው ልዩነት ናት።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርሃን ነው። መናገሻ ሱባ ትላልቅ ጽድና ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ የሞሉበት፣ ከ2,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 3,385 ሜትር ከፍታ የሚወጣ ደን ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የጽድ ዘር ከሸዋው ወፍ ዋሻ ደን መጥቶ እንደተዘራበት ይነገራል። ዝግባው በተጠጋጋበት ቦታ ጠዋት ከረፋዱ በፊት ከሥሩ የሚደርሰው ብርሃን እጅግ ጥቂት ነው፤ ጭልፊቶቹም በእንቅስቃሴ የሚበረቱት በዚሁ ሰዓት ነው። ከባይናኩላሩ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት የሚገኘው የፊት ሌንሱን መጠን ለማቅረቢያው ቁጥር በማካፈል ነው፤ ለዚህኛው 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊ ሜትር፣ ለ10 በ42 ደግሞ 4.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የዓይናችን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስለሚጠብብ በሜዳ ላይ ቀትር ሲሆን ይህ ልዩነት ዋጋ የለውም። በደኑ ጥላ ሥር በ12 ሰዓት ተኩል ጠዋት ላይ ግን ብሌኑ ስለሚሰፋ፣ በአንደኛው መሣሪያ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ የሚታየው ወፍ በሌላው ቀይ ቡናማ ደረት ያለው ሆኖ ይታያል። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ብሌን እንደ ወጣትነት ጊዜ ስለማይሰፋ፣ ከዚህ የበለጠ ትልቅና ከባድ ሌንስ መግዛት ለጎልማሳ ተመልካች የሚጨምርለት ነገር ጥቂት ነው።

የእጅ መንቀጥቀጥንም መርሳት አይገባም። 10 ጊዜ የሚያቀርብ መሣሪያ መንቀጥቀጡንም 10 ጊዜ ያጎላል፤ ዳገት ወጥቶ በ2,800 ሜትር ላይ እያለከለከ የሚያይ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል።

በደን ውስጥ የፎከስ፣ ማለትም ምስሉን እንደ ርቀቱ የማጥራት፣ ነገር ከሜዳው ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም በወፉና በተመልካቹ መካከል ሁልጊዜ ሌላ ቅርንጫፍ አለ። አነስተኛ ማቅረቢያ ያለው ባይናኩላር ከፊትና ከኋላ ያለውን ሰፋ ያለ ርቀት በአንድ ጊዜ አጥርቶ ስለሚያሳይ፣ ጭልፊቱ ከአንዱ ዛፍ ወደ ቀጣዩ ሲዘዋወር መሽከርከሪያውን ደጋግሞ ማዞር አያስፈልግም። በዚህ ረገድ መሣሪያውን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከቅርብ ወደ ሩቅ ለመድረስም አንድ ዙር ተኩል የማይሞላ ማዞር ይበቃል። መሽከርከሪያው ግን በማለዳ ብርድ ይጠጥራል። በጓንት ለማዞር የሚያስቸግር ሲሆን፣ ፀሐይ ወጥታ ሲሞቅ ብቻ ይለሰልሳል፤ ጭልፊት ደግሞ ፀሐይ እስክትሞቅ አይጠብቅም።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያከራክረው ጉዳይ ልግባ፤ እርሱም የቀለም ነገር ነው። በደጋው ደን ውስጥ ሊምታቱ የሚችሉ ጭልፊቶች ጥቂት አይደሉም። ቀደም ብዬ ከጠቀስኩት ደረተ ቀይ ጭልፊት ሌላ፣ ከእርሱ ገዘፍ ያለውና በሆዱ ላይ ጥቅጥቅ ያሉ አግድም መስመሮች ያሉት የአፍሪካ ጭልፊት አለ፤ የዚህ ወፍ ጫጩት ካደገ በኋላም ቢሆን በደረቱ ላይ የጠብታ ቅርጽ ያላቸው ጥቁር ነጠብጣቦችና በጉሮሮው መካከል አንድ ጥቁር መስመር ይዞ ለጊዜው ይቆያል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽቶ የሚመጣው የሰሜኑ ጭልፊት ይጨመራል፤ የዚህም ሆድ ባለ መስመር ነው። ዝቅ ባሉት ጫካዎችና በወንዝ ዳር ዛፎች ደግሞ ከሁሉም ትንሹ፣ ርዝመቱ ከ23 እስከ 27 ሳንቲ ሜትር የሆነው፣ በጥቁር ጭራው ላይ ሁለት ነጭ ነጠብጣቦች ያሉት ጭልፊት ይገኛል።

በእነዚህ ወፎች ዘንድ መጠንን አይቶ መለየት ያታልላል። በዚህ ወገን ሴቷ ከወንዱ በግልጽ ትበልጣለች፤ በሰሜኑ ጭልፊት ዘንድ የሴቷ ክብደት የወንዱን እጥፍ እስከ መሆን ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የትንሹ ዝርያ ሴት ከትልቁ ዝርያ ወንድ ጋር ልትቀራረብ ትችላለች፤ ባይናኩላርም ርቀትን ስለሚያጠፋ መጠንን ለመገመት ጨርሶ አይረዳም። የሚቀረው ማስረጃ የደረቱ ቀለም ወጥ መሆኑና አለመሆኑ፣ የጉንጩ ቀለምና የጭራው ንድፍ ነው። ወጥ ቀይ ቡናማ ደረትን ከሩቅ ሲታይ አንድ ቀለም ከሚመስለው በቀጫጭን ቀይ መስመሮች ከተሸፈነ ደረት ለመለየት ጥርት ያለ ሌንስ ያስፈልጋል። ይህ መሣሪያ በ25 ሜትር ላይ መስመሮቹን ለይቶ ያሳያል፤ በክቡ መካከል ያለው ምስል ከዋጋው በላይ ጥሩ ነው። ጠርዙ ላይ ግን ይደበዝዛል፤ ከዚህም በላይ ወፉ ሰማይን ተገን አድርጎ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ በዙሪያው ሐምራዊ ጥላ ይታያል። ይህ ሐምራዊ ጥላ ጉንጩ ቀይ ቡናማ ይሁን ግራጫ ለመወሰን በሚያስፈልግበት በዚያው ቦታ ላይ ስለሚወድቅ፣ ለዳክዬና ለፔሊካን ተመልካች ምንም የማይመስለው ጉድለት ለጭልፊት ተመልካች ትልቅ ነው። መፍትሔው ቦታ ቀይሮ ከወፉ ኋላ ቅጠል ወይም ግንድ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ወፉ ከፈቀደ ማለት ነው።

የእነዚህ ወፎች የኢትዮጵያ ዓይነቶች በሳይንስ የተመዘገቡት እንዲህ ባለ መንገድ አልነበረም። የፍራንክፈርቱ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ተዘዋውሮ ከተመለሰ በኋላ፣ የደረተ ቀዩንም ሆነ የአፍሪካውን ጭልፊት የኢትዮጵያ ዓይነት በ1836 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገልጿቸዋል። በዚያ ዘመን ወፍን ለይቶ ማወቅ ማለት ተኩሶ ጥሎ ቆዳውን ገፎ ማምጣት ነበር። ዛሬ የደረቱን መስመር በሕይወት ባለ ወፍ ላይ ለመቁጠር የሚያስችለን ይህ ሁለት ቱቦ መሆኑን ሳስብ፣ ስለ ሐምራዊው ጥላ ያለኝ ቅሬታ ትንሽ ይለዝባል።

የአፍሪካውን ጭልፊት ለማግኘት ከዓይን በፊት ጆሮ ይቀድማል። ጎህ ከቀደደ በኋላ ከደኑ በላይ ከፍ ብሎ እየዞረ፣ በጥቂት ሰኮንዶች ልዩነት አጭርና ደረቅ ድምፅ ያሰማል፤ ብዙ ጊዜም ድምፁ ይሰማል እንጂ ወፉ በቀላሉ አይታይም። ሰማይ ላይ ያለችን ያችን ነጥብ ለማግኘት ሰፊው እይታ እንደገና ያገለግላል፤ የማላዳላ ለመሆን ግን ይህ 10 በ42 የሚበልጥበት አንዱ ሁኔታ መሆኑን መናገር አለብኝ፤ አንዴ ከተገኘች በኋላ ከፍ ያለው ማጉላት የጭራዋን መስመሮች የተሻለ ያሳያል።

ከ2 ሜትር ጀምሮ ማየት መቻሉ መጀመሪያ ላይ ለጭልፊት የማይጠቅም መስሎ ይታያል፤ ማን ጭልፊትን በ2 ሜትር ያያል? ጥቅሙ ያለው ወፉ ጥሎ በሄደው ነገር ላይ ነው። ጭልፊት የያዘውን ወፍ ወደ ለመደው ጉቶ፣ የወደቀ ግንድ ወይም ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ይወስድና ላባውን ይነጫል፤ በዚያ ሥር የዋኖስ ወይም የትንሽ ወፍ ላባ ተበትኖ ይገኛል። ላባው የተነጨው በወፍ መንቁር ከሆነ ሥሩ አብሮ ወጥቶ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ አንዳንዴም በመንቁሩ የተጎዳ ምልክት ይኖርበታል፤ ድመት መሰል አውሬ ወይም ቀበሮ የበላው ከሆነ ግን ሥሩ በጥርስ ተቆርጦ ይቀራል። ባይናኩላሩን ገልብጦ በፊት ሌንሱ በኩል በማየት፣ የዓይኑን ሌንስ ወደ ላባው እጅግ ማስጠጋት እንደ ጥሩ አጉሊ መነጽር ያገለግላል። ይህን ዘዴ የማንኛውም ባይናኩላር ባለቤት ሊሞክረው ይችላል። እንዲህ ዓይነት የመንጫ ቦታ ያገኘ ሰው ጭልፊቱ በአካባቢው እንዳለ ስለሚያውቅ፣ ራቅ ብሎ ተሸሽጎ መጠበቅ ብቻ ይቀረዋል።

ጎጆን በተመለከተ ግን ቅርበት አይመከርም። ደረተ ቀዩ ጭልፊት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከጭራሮ ጎጆ ይሠራና ከ2 እስከ 4 እንቁላል ይጥላል። በዚህ ወገን እንደተለመደው ሴቷ እየታቀፈች ወንዱ ምግብ ያመላልሳል፤ ወንዱ ምግብ ይዞ ሲመጣ በቀጥታ ወደ ጎጆው ከመግባት ይልቅ ሴቷን ጠርቶ በአቅራቢያ ማቀበሉ የተለመደ ነው። ተመልካች ከጎጆው ሥር ቢቆም ይህ ልውውጥ ይቋረጣል፤ እንቁላሉም በደጋው ብርድ ይጋለጣል። ከ50 ወይም ከ60 ሜትር ርቀት ዛፍ ተደግፎ ማየት ይሻላል፤ በዚህ ርቀት 8 በ42 ጎጆው ላይ የተቀመጠችውን ሴት ጭራ ያሳያል፣ ዝርዝሯን ግን አያሳይም። ዝርዝሩን የሚፈልግ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቆም የቴሌስኮፕ መነጽር ያስፈልገዋል።

ስለ መለዋወጫዎቹ ብዙ የምለው የለኝም። ማንገቻው ቀጭንና አንገት የሚቆርጥ በመሆኑ ወዲያው መቀየር አለበት። የፊት ሌንሱ ክዳኖች በቀላሉ ወልቀው ይጠፋሉ። የዓይኑ ጎማ ሲጠመዘዝ በቦታው ረግቶ አይቆምም፤ መነጽር ለማያደርግ ሰው ይህ የሚያናድድ ነው። ማኅደሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጭልፊት የሚፈልግ ሰው ባይናኩላሩን በማኅደር ውስጥ አያስቀምጥም።

ለማን ይሆናል ለሚለው፦ በመናገሻ፣ በወንዶ ገነት ወይም በሐረና ደን ውስጥ ለሚሄድ ሰው ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ዋና ፍላጎቱ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ያሉ የውኃ ወፎች ወይም ከገደል አፋፍ ላይ የሚንሳፈፉ ንስሮችና አሞሮች ለሆነ ሰው ግን 10 በ42 ይሻለዋል፤ እዚያ ብርሃኑም ቦታውም ሰፊ ነው። በኪስ የሚገቡት 8 በ25 ዓይነቶች ለጉዞ ቀላል ቢሆኑም፣ ወደ ዓይን የሚያስገቡት የብርሃን ክብ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለጫካ ጠዋት አይበቁም።

ብዙዎቻችን እንዲህ ዓይነት ዕቃ የምናገኘው ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ እጅ ስለሆነ፣ ሁለት ነገር ማስታወስ ይገባል። አንደኛው፣ ባይናኩላር በአየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ የሚችል ዕቃ በመሆኑ ተጓዡ ከመነሳቱ በፊት የመግቢያ ደንቡን ቢጠይቅ መልካም ነው። ሁለተኛው፣ የሚገዛው ሰው እዚያው ሱቅ ውስጥ እንዲፈትነው መለመን ነው፦ ከሱቁ ጨለማ ጥግ ላይ ያለ ጽሑፍ ያንብብበት፤ በር ላይ ቆሞ ሰማይን ተገን ያደረገ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይመልከትና ሐምራዊው ጥላ ምን ያህል እንደሆነ ይይ፤ ግራና ቀኝ ዓይኑን እየጨፈነ ሁለቱ ምስሎች ሳይዛነፉ አንድ ላይ መግጠማቸውን ያረጋግጥ። ምስሉ ሁለት ሆኖ የሚታይበትን ወይም ዓይን የሚያደክመውን መሣሪያ፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን፣ ለሻጩ መልሶ ሌላ ይጠይቅ።